ጅቡቲም ውጭ አገር ሆነና!

የእህቴ ልጅ ስድስት ኪሎን ትቶ ሰባት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሄደ። ዩኒቨርሲቲ ገባ። የት? ጅቡቲ፣ እኔ ዘንድ። ወሬው ሰፈር ሲደርስ መጀመሪያ ዝምታ ሆነ አሉ፤ ቀጥሎ ሳቅ። ሳቁ እስከ ዛሬ አላባራም፤ በቴሌግራም በየማታው ይደርሰናል።

«ውጭ አገር ሄደ ስትሉን እኮ ካናዳ መስሎን ነበር!»

«ጅቡቲ ለሹፌር እንጂ ለተማሪ መቼ ተሠራች?»

«ሲመረቅ ዲግሪ ነው የሚሰጡት ወይስ ዲክላራሲዮን?»

«ግድ የለም፣ ማዳበሪያ ሲጫን አብረው ጭነው ይመልሱታል።»

ልጁ አንጀቱ አረረ። መልስ ሊጽፍ ይሞክርና ይሰርዛል። እኔ ደግሞ አጎት ነኝ፤ በዚያ ላይ ሹፌር ነኝ፤ ሁለተኛዋ ቀልድ እኔንም ነክታኛለች። ስለዚህ የዛሬው አምድ የመልስ ነው።

የሳቃችሁ ልጆች ሆይ፣ እስቲ ስልካችሁን ገልብጡት። ሸሚዛችሁን አውልቁት። የምትሳፈሩበት ታክሲ ምን እየጠጣ እንደሚሄድ ጠይቁት። ከአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚህች ከተማ ወደብ ነው። መርካቶ ሲደርስ ሁሉም «የውጭ ነው» ተብሎ ይሸጥላችኋል፤ እናንተም የውጭ ነው ብላችሁ ጨምራችሁ ትከፍላላችሁ። በጅቡቲ ያለፈ ሸሚዝ የውጭ ከተባለ ጅቡቲ ገብቶ የተቀመጠ ልጅ ምን ሊባል ነው? ኮንትሮባንድ?

አገሪቱ ባንዲራዋ የራሷ፣ ፍራንኳ የራሷ ነው። ከፈረንሳይ ነፃ የወጣችው በ1977 ነው። ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ የኛን አቆጣጠር ይዞ የመጣ ሰው እዚህ ምን እንደሚያገኘው ጥቂት ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አድራሻችን ሀራሙስ ነው። ይህንን ልጁ ሳያስበው ለሰፈሩ ልጆች ነገራቸው። እነሱም በስልካቸው ካርታ ፈለጉ፤ ቪላ አዩ፣ ባሕር አዩ፣ የአሜሪካ ኤምባሲን አዩ። በነጋታው ያው «ዲክላራሲዮን» ያለው ልጅ «ወንድሜ፣ ሁለት መቶ ዶላር ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ» ብሎ ጻፈ። መልሱን እኔ ነኝ ያቀበልኩት፦ ሀራሙስ ሁለት ዓይነት ሰው ነው ያለው፣ ቪላው ያለውና የቪላው ቁልፍ ያለው። እኛ ቁልፉ ያለን ነን። የምንኖረውም ከቪላው ጀርባ፣ ከውኃ ማጠራቀሚያው አጠገብ፣ አልጋ ሲገባ ሰው የሚወጣበት ክፍል ውስጥ ነው። እዚህ ሰፈር በእግሩ የሚሄድ ሰው ካያችሁ ወይ ሠራተኛ ነው ወይ የሠራተኛ ዘመድ። የእህቴ ልጅ ባልባላ ወዳለው ግቢ ለመሄድ ማልዶ በእግሩ ሲወጣ ዘበኞቹ ሁሉ ሰላም ይሉታል፤ ሚስጥሩ ይኸው ነው።

ሲመጣ ናጋድ ባቡር ጣቢያ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። አንድ ሻንጣ መጽሐፍ፣ አንድ ሻንጣ ልብስ። ልብሱን ስከፍት ጋቢ፣ ሁለት ሹራብ፣ የሱፍ ካልሲ። ለእህቴ ደወልኩላት።

«ምነው እቴ፣ ይሄ ሁሉ?»

«ውጭ አገር ይበርዳል ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ይሄኛው ውጭ አገር አይበርድም።»

«ታዲያ ምኑን ውጭ አገር ሆነ?»

እንግዲህ ሳቁ ከእናት ቤት ጀምሯል ማለት ነው፤ የሰፈር ልጅ ላይ ምን አስፈረደኝ! ጋቢው እንኳ አልተጣለም። አሠሪዬ ማዳም መኪና ውስጥ ክሊሙን (ኤሲውን እዚህ ክሊም ነው የሚሉት) እስከ ጥግ ሲከፍቱት እኔ ጉልበቴ ላይ ጣል አደርገዋለሁ። በ40 ዲግሪ አገር በጋቢ የሚነዳ ሹፌር እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አሁን ወደ ሰዓቱ።

የመጀመሪያው ትምህርት «ዊት ኧር» ነው ተባለ። ልጁ በፈረንሳይኛ እስከ አሥር መቁጠር ይችላል፤ ስምንት ሰዓት መሆኑ ወዲያው ገባው። ኮራ። ጠዋት ሸሚዙን ተኮሰ፣ ምሳውን በላ፣ ከዚያ በጠራራው ፀሐይ ቀጥ ብሎ በስምንት ሰዓት ግቢው በር ላይ ተገኘ። ሰው የለም። ዘበኛው ጉንጩን በጫት ወጥሮ በእጁ «ነገ» አለው። ማታ እኔ ላይ ተነሣብኝ።

«ጋሼ፣ ስምንት ሰዓት አይደል እንዴ የተባለው?»

«ነው። ጠዋት ስምንት ሰዓት።»

«ጠዋት ስምንት ሰዓት የሚባል ነገር አለ እንዴ?»

«አለ። ውጭ አገር የሚሉት እሱን ነው።»

አያችሁ ተንኮሏን? ካናዳ የሄደ ልጅ ከአውሮፕላን ሲወርድ ብርዱ በጥፊ ይመታዋል፤ ያኔ አገር እንደለቀቀ ያውቃል፣ ይጠነቀቃል፣ ሰዓቱንም ይጠይቃል። የጅቡቲና የአዲስ አበባ ፀሐይ ግን እኩል ለማለት ያህል ነው የሚወጣው፤ የሰዓት ልዩነት የሚባል ነገር በመካከላቸው የለም። ልዩነቱ የአቆጣጠር ነው። ባቡሩ አንድ፣ ዘፈኑ አንድ፣ የሻይ ቤቱ አስተናጋጅ አማርኛ ይሰማል። ላሆህ የሚባለውን የጠዋት ቂጣ አቀረቡለት፤ ዓይኑ በዛው ላይ አለ፣ ለስለስ ብሏል፣ ትንሽ እንጀራ መሰለው። ሽሮ ጠየቀ። ማር አመጡለት። ይህች አገር እንግዳ መሆንህን አስቀድማ አትነግርህም፤ ከተሳሳትክ በኋላ ነው የምትነግርህ። ለዚህ ነው ከሩቁ ይልቅ የቅርቡ ውጭ አገር ይከብዳል የምለው።

ትልቁ ወጥመድ ደግሞ ራሱ አማርኛ ነው። ጎህ ሲቀድ በሀራሙስ አጥሮች ጥግ ለጥግ ሂዱ፤ ግቢ የምትጠርገውም፣ አበባ የሚያጠጣውም፣ ዳቦ ሊገዛ የተላከውም ባገራችን ቋንቋ ነው የሚጣራው። ገበያ ብትወርዱ የቲማቲም ሻጯ በአማርኛ ትከራከራችኋለች። ዕድሜ የጠገቡት ጅቡቲያውያን ደግሞ የጥላሁንን ዘፈን ከኛ ልጆች አስበልጠው ያውቁታል። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዲህ በአማርኛ ተንሸራሸረ፤ ጠገበ፣ ተጫወተ፣ ለመደ። «ጋሼ፣ ይሄ አገር ቀላል ነው» አለኝ። ከዚያ የመጀመሪያው የክፍል ፈተና መጣ፤ ጥያቄው በፈረንሳይኛ፣ መልሱም በፈረንሳይኛ። አማርኛ እዚህ ያበላል፤ አያስመርቅም።

የፈረንሳይኛውን ቁጥር ለማታውቁት ልንገራችሁ። እስከ ስልሳ ድረስ ሰላም ነው። ሰባ ሲሉ «ስልሳ አሥር» ይላሉ። ሰማንያ «አራት ሃያ» ነው። ዘጠና ሰባት «አራት ሃያ አሥር ሰባት» ነው፤ ዕዳ የሚቆጥሩ ነው የሚመስሉት። መምህሩ የአገሪቱን የነፃነት ዓመት በቃል ሲያስጽፉ ልጃችን የሰማውን በሰማበት ቅደም ተከተል አስቀመጠ፦ ሺህ፣ ዘጠኝ፣ መቶ፣ ስልሳ፣ አሥር፣ ሰባት። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ደብተሩን ሰረቅ አድርጎ አየና «ወንድሜ፣ ነፃነታችን ነው እንጂ የስልክ ቁጥር አይደለም» አለው።

ይህ ልጅ ተረበኛ ነው። ጅቡቲዎችን የማታውቁ ሰዎች ተረብ የአራዳ ልጅ ብቻ ይመስላችኋል። ሶማሌና አፋር ፊት ምላስህን ሳትስል ብትቀመጥ መቀመጫህን ይዘውብህ ይሄዳሉ። በሌላ ቀን ይኸው ልጅ እንዲህ አለው፦

«ውኃችን ከናንተ። መብራታችን ከናንተ። ጫታችን ከናንተ። አሁን ደግሞ ለትምህርት እናንተ ወደኛ? ለራሳችሁ የምታስቀሩት ነገር የለም እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ፣ ልጃችን ዝም። ነገሩ እኮ እውነት ነው። የመብራቱ መስመር ከኛ ወደነሱ የተዘረጋው በ2011 ነው። ውኃው ከሐደጋላ በቧንቧ መምጣት የጀመረው በ2017 ነው። ጫቱንማ ተዉት፤ ተቆርጦ አይቆይም፣ በየቀኑ ይደርሳል። ማታ መጣና ምን ብዬ ልመልስ አለኝ። «ወደቡን ስንከራይ የመማሪያ ክፍሉም ውሉ ውስጥ ነበረ በለው» አልኩት። ደስ አለው። ቁጭ ብሎ በስልኩ ተረጎመ፣ ግሡን አረመ፣ መስታወት ፊት ቆሞ ተለማመደ። ከዚያ በሦስተኛው ቀን አቀረበው።

ያ ልጅ በጥሞና ሰማው። «ቆንጆ ናት» አለ። «ግን የማክሰኞ ናት። ዛሬ ሐሙስ ነው።»

ተረብ እንደ ጫት ነው፤ ካደረ ማንም አይገዛውም። በሰው አገር መቀመጥ የሚያስጨንቀው አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ ማንም በመጽሐፍ አልጻፈውም እንጂ። ሰፈርህ ላይ ንጉሥ የነበርክ ልጅ፣ አፍህን ስትከፍት ሰው ሆዱን የሚይዝልህ ልጅ፣ በሌላ ቋንቋ ስትገባ ድንገት ጨዋ ትሆናለህ። አክብረውህ አይደለም። መልሱ ሦስት ቀን ስለሚፈጅብህ ነው። መምህራን «ዝምተኛና ትሑት ተማሪ» ብለው የሚያመሰግኑት የውጭ ተማሪ ሁሉ አገሩ ላይ ምን እንደነበር እናቱን ጠይቁ።

ሌሊቱን «እንደኔ የተሰቃየ የለም» እያለ ሲያማርር መልስ ሰጠሁት። ከዓድዋ ማግሥት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ገና በልጅነታቸው ሩሲያ ተላኩ። ስልክ የለ፣ መተርጎሚያ የለ፣ በርበሬ የሚልክ ዘመድ የለ። በዚያው አደጉ፣ የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ፤ ተመልሰው በአማርኛ የመጀመሪያውን ቴያትር ጻፉ፣ የ1931ዱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ሐኪም መላኩ በያን ኦሃዮ ሙስኪንገም ኮሌጅ ገብተው፣ ቀጥለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠኑ። ይህንን ስዘረዝር ልጁ በጨለማው ዝም ብሎ ሰማኝና፦

«ጋሼ፣ ተክለ ሐዋርያትን ያሳደጋቸው የሩሲያ መኮንን ነው። እኔን ሹፌር።»

ተመልከቱ እንግዲህ። በአማርኛ ሲሆን ሦስት ቀን አይፈጅበትም።

አንድ ነገር ግን አልተወኩትም። በዚያ ዘመን ጅቡቲ ለተማሪ ምን እንደነበረች ታውቃላችሁ? ሐዲዱ ከዚህ የተነሣው በ1897 ነው፤ ድሬዳዋ በ1902 ደረሰ፣ አዲስ አበባ በ1917። ባቡሩ ማታ አይጓዝም ነበር፤ አዋሽ ታድሮ፣ ድሬዳዋ ታድሮ፣ በሦስተኛው ቀን ነው ጅቡቲ የሚገባው። ከዚያ መርከብ መጠበቅ ነው። በዚህ መንገድ ለትምህርት ወጥተው በኋላ ሚኒስትርና አምባሳደር የሆኑ ልጆች ብዙዎቹ ባሕር የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያዩት እዚህ ነው፤ ፈረንሳይኛቸውንም መጀመሪያ የሞከሩት በጅቡቲ ሙቀት ነው። እንግዲህ ጅቡቲ ለተማሪ አልተሠራችም ያልከው ልጅ፣ ለሹፌር ከመሠራቷ በፊት ለተማሪ ነው የተሠራችው፤ ሹፌሩ በኋላ ነው የመጣው፤ ሹፌሩ ሲናገር ነው የምትሰማው።

ተቃራኒውም አለ። መሀል ከተማ ያለውን አንዱን አደባባይ ሰዉ እስከ ዛሬ ራምቦ ይለዋል። የፊልሙ ራምቦ አይደለም፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ ነው። በ1886 ከታጁራ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ወደ ሸዋ ወጣ፣ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ፤ ምኒልክ ዋጋውን ቆረጡት፣ የሟች ሸሪኩንም ዕዳ ከዚያው ላይ ቀነሱበት። ፈረንሳይኛን እንደሱ የተጫወተበት ሰው በዓለም ስንት አለ? ሆኖም በእንጦጦ ገበያ ተበላ። ልጁን እንዲህ አጽናናሁት፦ ቋንቋ ብቻውን አያዋጣም፣ ሒሳብም ልመድ። ሌላው ትልቅ አደባባይ ደግሞ የነፃነቱን ቀን ስም ይዞ ሳለ አፍ ሁሉ ምኒልክ እያለ ነው የሚጠራው። ቅኝ የገዛችው ፈረንሳይ፣ ስሙ የቀረው የኛ ንጉሥ። ይህችን ለዚያ የክፍል ተረበኛ አስቀምጫታለሁ፤ ግን ራሱ ልጁ ሰዓቷን ጠብቆ ያውጣት።

አሁን ወደ ማዳም። ማዳም ልጃቸው ፈረንሳይ ነው የሚማረው። ባለፈው ወደ ገበያ ስወስዳቸው በስልክ አልቅሶባቸው እሳቸውም አለቀሱ። ይበርደዋል። ጎረቤት ሰላም አይለውም። ፈረንሳይ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ተማሪ ክፍያውን ከ2019 ጀምሮ ከፍ አድርጋለች፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ 2,770 ዩሮ ብላ ነው የጀመረችው፣ ማዳም ቁጥሩን ሲጠሩት የኔን ደመወዝ የሚጠሩ ያህል ተከፉ። ከሁሉ የባሰው ግን ይኼ ነው፦ ሰው ሁሉ «ጅቡቲ የት ነው ያለችው?» እያለ ይጠይቀዋል።

«ታዲያ ምን ይላል?» አልኳቸው።

«ኢትዮጵያ አጠገብ ነው ይላል» አሉ፣ አፍንጫቸውን እየጠረጉ።

መኪናውን ወደ ዳር አወጣሁት፤ ሳቄ መሪውን ሊያስጥለኝ ነበር። የሰፈር ልጆች፣ ስሙኝማ! እናንተ ጅቡቲ ውጭ አገር አይደለችም ትላላችሁ፤ የጅቡቲው ልጅ ፈረንሳይ ተቀምጦ አገሩን በኛ ስም ያስረዳል። ሁለቱም እናቶች ግን እኩል ያለቅሳሉ። የማዳም እንባ በኤሲ ይደርቃል፤ የእህቴ በነጠላ።

ማዳም አንድ ቀን «ያንተ ልጅስ ለምን ፈረንሳይ አልሄደም?» ብለውኝ ነበር።

«ማዳም፣ የሹፌር ልጅ መጀመሪያ ያለ መኪና የሚደረስበት ይሄዳል።»

ሳቁ፣ ከዚያ ዝም አሉ፣ ከዚያ ነገሩን ራሳቸው አወጡት። እስከ 2000 ድረስ ጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ የሚባል አልነበራትም። በዚያ ዓመት አንድ የዩኒቨርሲቲ ማዕከል ተከፈተ፤ የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተቋቋመው በ2006 ነው፣ የሕክምና ትምህርት በዓመቱ ተጨመረ። ከ2000 በፊት በዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ጅቡቲያዊ ሁሉ ውጭ አገር ነው የተመረቀው፤ ማዳምም፣ ሐኪማቸውም፣ የልጁ መምህራን ብዙዎቹም። እንግዲህ ልብ በሉ፣ የእህቴን ልጅ የሚያስተምሩት ራሳቸው የውጭ ተማሪ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ግሡን ሲሰብር የማይቆጡት ለዚህ ነው፤ እነሱም ሰብረው ነው ያለፉት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከ1950 ጀምሮ ክፍት ስለነበር እኛ ይህንን አናውቀውም፤ ለኛ ውጭ አገር መማር ምርጫ ነው፣ ወይ ዕጣ ነው፣ ወይ ጉራ። ለነሱ ረጅም ዘመን ግዴታ ነበር።

ገንዘቡን በአጭሩ። «በፍራንክ ነው የምትኖረው፣ ዶላር ማለት ነው» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፣ ፍራንኩ ከ1973 ጀምሮ ከዶላር ጋር በ177.721 ታስሯል፣ ንቅንቅ አይልም። የኛ ብር ግን በ2024 ሐምሌ ገበያ ይወስነው ተብሎ ተለቀቀ፤ ከዚያ ወዲህ እህቴ በብር ታዋጣለች፣ ልጇ በፍራንክ ይበላል፣ መሀል ላይ የሚጠፋውን እግዜር ይቁጠረው። ከድሬዳዋ የተጫነ ሽንኩርት ድንበሩን ሲሻገር ፓስፖርት እንዳወጣ ሰው ነው፤ በአሮጌው ዋጋው ስትጠራው አይሰማህም።

ሌላም አለ። አርብ ዕረፍት ነው፣ እሁድ ትምህርት ነው። «እሁድ ቅዳሴ ያመልጠኛል» ብሎ ለእናቱ ቢነግራት «አገሩን አንተ መርጠህ ቀኑን እኛ እንምረጥልህ?» አለችው። ጾም ላይ ደግሞ የየመኖቹን ዓሣ፣ ያንን ለሁለት ተከፍሎ ምድጃ ውስጥ የሚጠበሰውን፣ ቀመሰ። እህቴ እስከ ዛሬ አልሰማችም። ይህንን አምድ የምታነቡ ዘመዶች፣ አደራ።

ልጁ መቼ እንደለመደ ልንገራችሁ። የመኖሪያ ወረቀቱ ሲወጣ አይደለም፣ ፈተናውን ሲያልፍም አይደለም። ቀትር ካለፈ በኋላ፣ በኛ አቆጣጠር ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት፣ ጫቱ ይገባል። መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ ይመጣል፣ ሻጭ ሴቶቹ ጠረጴዛቸውን ይዘረጋሉ፣ ከተማው ሥራ ፈትቶ ወደ መብራዝ (መቃሚያ ቤቱን እዚህ መብራዝ ነው የሚሉት) ይገባል። አንድ ቀን የክፍሉ ልጆች ይዘውት ሄዱ። ያው ተረበኛ እቅፍ ጫት ፊቱ አኖረና በሰው ሁሉ ፊት «ከአወዳይ አገር መጥተህ አትቅምም? ምን ዓይነት ኢትዮጵያዊ ነህ?» አለው።

ልጃችን በዚያ በተሰባበረው ፈረንሳይኛው፣ መሀል ላይ ሁለት የሶማልኛ ቃል ጣል አድርጎ፣ ሳይዘገይ፦

«ፋብሪካው ውስጥ ያደገ ሰው ዕቃውን አይገዛም። ምን እንደምንልክላችሁ ስለማውቅ ነው።»

መብራዙ ተናጋ አሉ። ተረበኛው ራሱ እጁን ጨበጠው፣ «ይቺ የዛሬ ናት» አለው። ሲመጣ በሩን እንኳ አላንኳኳም፤ እየጮኸ ገባ። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ግሡ ተሳስቷል፣ ማን ግድ ሰጠው?

አሁን ቀሪው ፈተናው ክረምት ነው። የኛ ክረምት ማለቴ ነው፤ እዚህ በሐምሌ ዝናብ የሚባል የለም፣ በረሃውን ተሻግሮ የሚመጣ ትኩስ ነፋስ ነው ያለው፣ ግድግዳው ራሱ ያላባል። አቅም ያለው ሁሉ ይወጣል። ጅቡቲዎቹ ደጋ ፍለጋ ወደኛ ይመጣሉ፣ የሀራሙስ ቪላዎች ይዘጋሉ፣ ማዳም ልጃቸው ዘንድ ይሄዳሉ። አገር ምድሩ ወደ ኢትዮጵያ ሲሄድ ጅቡቲ የሚቀረው ሐበሻው ነው። ያኔ ከሰፈር ልጆች አንዱ «እዚህ እኮ በረዶ ጣለ፣ በብርድ አለቅን» ብሎ ፎቶ ይልካል። መልሱን ከአሁኑ አዘጋጅተናል፦ ብርዱን በኮንቴይነር ላኩልን፣ ወደቡን ታውቁታላችሁ።

እናንተ ልጃችሁን ወደዚህ ለመላክ የምታስቡ ወላጆች፣ ጋቢውን ለራሳችሁ አስቀሩት። ፈረንሳይኛውን ሳይመጣ አስጀምሩት፤ አዲስ አበባም ድሬዳዋም አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ አለ፣ ሰባና ዘጠና እስኪገባው ድረስ አታስወጡት። የመጀመሪያውን ወር አማርኛ ከሚናገር ሰው አርቁት፤ ከኔም ጭምር። በርበሬና ሽሮ ግን ሳትሰስቱ በባቡር ላኩ፤ ናጋድ ድረስ ይመጣል፣ ከናጋድ ሀራሙስ እኔ አደርሰዋለሁ።